እሳቱስ አለ፤ የት ይቆፈር?

የዛሬው የሳይንስ ዝግጅታችን ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወስደናል። ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ፣ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል አሉቶ የሚባል እሳተ ገሞራ ተራራ ታገኛላችሁ። በዚህ ተራራ ላይና በዙሪያው ከ1981 እስከ 1985 ባለው ጊዜ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። የተፈለገው የመጠጥ ውሃ አልነበረም፤ ተርባይን የሚያሽከረክር እንፋሎት ነው። የመጀመሪያው ጉድጓድ ከ1,300 ሜትር በላይ ወረደ፤ የተገኘው ሙቀት 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ አልሞላም። ሁለተኛው ከዚያም ጠልቆ ሄደና 110 ዲግሪ ገደማ ተለካበት። ስድስተኛው ግን ሁለት ኪሎ ሜትር ከምናምን ወርዶ 335 ዲግሪ ያህል ሰጠ።

ልብ በሉ፤ ተራራው አንድ ነው። በጉድጓዶቹ መካከል ያለው ርቀትም ሰው ጠዋት ተነሥቶ በእግሩ የሚጨርሰው ነው። አንዱ ሻይ ለማፍላት የማይበቃ ሙቀት ይዞ ሲቀር፣ ሌላው እርሳስ የሚያቀልጥ ሙቀት ላይ ደረሰ። ቆፋሪዎቹ ያው ናቸው፣ ማሽኑም ያው። ልዩነቱ የቦታ መረጣው ነው። ዛሬ የምናወራውም ስለዚሁ ነው፤ በእሳተ ገሞራ አገር ውስጥ የከርሰ ምድር እንፋሎት የት እንዳለ እንዴት ይታወቃል?

መሬት ውስጥ ሙቀት የሌለበት አገር የለም። በአብዛኛው ዓለም አንድ ኪሎ ሜትር በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይጨምራል። የትም ቆፍሩ፣ ጠልቃችሁ ከወረዳችሁ ሙቀት አይጠፋም። ግን በዚህ ስሌት 250 ዲግሪ ለማግኘት ስምንት ኪሎ ሜትር መውረድ ያስፈልጋል፤ በዚያ ጥልቀት ደግሞ ኤሌክትሪክ ልሽጥ ያለ ሰው ኪሱን አራግፎ ነው የሚመለሰው። ስምጥ ሸለቆውን የተለየ የሚያደርገው ሙቀቱ ወደ ላይ መቅረቡ ነው። እዚህ ላይ የአፍሪካ ምድር ለሁለት እየተከፈለ ነው፤ በኢትዮጵያ ዋናው ስምጥ ሸለቆ ግራና ቀኙ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ይራራቃል። ምድር ሲሳብ ቅርፊቱ ይሳሳል፤ ከሥር ያለው ቅልጥ አለት ሽቅብ መንገድ ያገኛል።

ይህ ሁሌ በዝግታ ብቻ የሚሆን ነገር እንዳይመስላችሁ። በሴፕቴምበር 2005 አፋር ውስጥ በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ላይ ቅልጥ አለት ከሥር ሰርጎ ገባ፤ ምድሩም በሳምንታት ውስጥ ቦታ ቦታውን እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥም፣ ብዙ ሰው ከቀዬው ያፈናቀለው፣ መነሻው ይኸው ከሥር የሚገፋ ቅልጥ አለት ነበር።

ስለዚህ እሳቱስ አለ። ሙቀት ብቻውን ግን ኤሌክትሪክ አይሆንም። ሙቀቱን ወደ ላይ የሚያመጣ ውሃ ያስፈልጋል። ውሃው የሚመላለስበት የተሰነጣጠቀ አለት ያስፈልጋል። እንፋሎቱ ዝም ብሎ ተንኖ እንዳያልቅ ከላይ የሚደፍነው፣ ውሃ የማያሳልፍ ክዳን ያስፈልጋል። እነዚህ አንድ ቦታ ላይ ካልተገናኙ የቀረው ድካም ነው።

አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ጎረቤታችን ጅቡቲ አይታዋለች። በአሳል ሐይቅ አካባቢ የመጀመሪያው ቁፋሮ በ1975 ተካሄደ፤ በ1987 እና በ1988 ሌሎች ተከተሉ። ከጉድጓዶቹ ሁለቱ ወደ 350 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ተለክቶባቸዋል፤ ከአሉቶም የሚበልጥ ማለት ነው። ነገር ግን ደረቅ ናቸው፤ አለቱ አልተሰነጠቀም፣ ውሃ አያሳልፍም። ውሃ የተገኘባቸው ጉድጓዶች ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጡ፤ ውሃው ከባሕር ውሃ ሦስት እጥፍ በላይ ጨዋማ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ውሃ ወደ ላይ ሲወጣና ግፊቱ ሲቀንስ ማዕድኑን በቧንቧው ግድግዳ ላይ እያራገፈ ይደፍነዋል። ቴርሞሜትሩን ብቻ ያየ ሰው በአሳል ጉድጓዶች ሀብታም የሚሆን ይመስለዋል።

ፍለጋው እንግዲህ ከየት ይጀምራል? ብዙ ሰው እሳት የሚታይበት ቦታ ላይ ይላል። እሳት ከተባለ ኤርታ አሌን የሚያህል የለም፤ የቀለጠ ድንጋይ ሐይቅ ሠርቶ ለብዙ ዓመታት ሲንተከተክ ዓለም በሙሉ አይቶታል። ባለሙያው ግን በቅድሚያ ዓይኑን የሚጥለው እንደ አሉቶ፣ እንደ ኮርቤቲ፣ እንደ ቱሉ ሞዬ ያሉ፣ ከላይ ሲታዩ ዝም ያሉ ተራሮች ላይ ነው። ምክንያቱ የአለቱ ዓይነት ነው። ኤርታ አሌ የሚተፋው ባዛልት ቀጭን ነው፤ ከጥልቅ ተነሥቶ በጠባብ ስንጥቅ ይወጣል፣ ሮጦ ይፈስሳል፣ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። እነ አሉቶ የሚተፉት ደግሞ ወፍራምና ዝልግልግ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ባልጩትና ነጫጭ ቀላል ድንጋይ ይሆናል። እንዲህ ያለው ቅልጥ አለት ወደ ላይ ቶሎ አይወጣም፤ ከመሬት በታች በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ጥልቀት ላይ ተከማችቶ ለሺህ ዓመታት በዙሪያው ያለውን አለት ያሞቃል። የአሉቶ አፍ ተደርምሶ ዛሬ የምናየውን ሰፊ ጎድጓዳ ቅርጽ የያዘው ከ300 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህም ደጋግሞ ፈንድቷል። የጠቆረ የባልጩት ፍሰት በተራራው ጎን ላይ ስታዩ፣ ከሥሩ ያለው ምድጃ ገና አልጠፋም ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለው ሥራ የእግር ሥራ ነው። የጂኦሎጂ ባለሙያው መዶሻውን ይዞ ይዞራል፤ ስንጥቆቹን በካርታ ላይ ያሰፍራል፣ እንፋሎት የሚወጣበትን ይመዘግባል፣ አፈሩን ያያል። በሞቃት እንፋሎት የተጠበሰ አለት መልኩን ይለውጣል፤ ቀይና ነጭ ሸክላ ይሆናል፣ አልፎ አልፎ ቢጫ ዲን ይጋገርበታል። አፋር ውስጥ ባለው ተንዳሆ፣ በዱብቲ የጥጥ እርሻ ውስጥ፣ መሬቱ ራሱ እየፈላ ነበር ፍንጭ የሰጠው። እዚያ በ1990ዎቹ ሦስት ጥልቅና ሦስት አጫጭር ጉድጓዶች ሲቆፈሩ፣ በ500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ብቻ ከ200 ዲግሪ በላይ የሆነ እንፋሎትና ውሃ ተገኘ።

እውነቱን ለመናገር ግን ከባለሙያው በፊት ቦታውን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። አፋር ውስጥ ውሃ በሌለበት በረሃ አርብቶ አደሮች እንፋሎት በሚወጣበት ስንጥቅ ላይ ድንጋይ ከምረው፣ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ አጠራቅመው ይጠጣሉ። በኬንያ ኢቡሩ ተራራ ላይም ገበሬዎች በቧንቧ እንዲሁ ያደርጋሉ። ሙቀትም፣ ውሃም፣ ስንጥቅም ያለበትን ቦታ ያለ ሳተላይት ያወቁ ሰዎች ናቸው። አንድ የፍለጋ ቡድን መኪናውን አቁሞ መጀመሪያ እረኛ ቢጠይቅ ብዙ ቀን ይተርፈዋል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ አንድ ወጥመድ ልውሰዳችሁ። ፍል ውሃ የፈለቀበት ቦታ ሁሉ የሚቆፈርበት ቦታ አይደለም። ጀበናን አስቡ፤ ውሃው የሚፈላው ከሆዷ ሥር ባለው ከሰል ነው፤ ሲገነፍል ግን የሚወጣው በጎን በኩል በአፏ ነው። አሉቶም እንዲሁ ነው። በላንጋኖ ሰሜናዊ ዳርቻ ለመፍላት የተቃረበ ውሃ ይፈልቃል፤ ነገር ግን ያ ውሃ ከተራራው ሥር ሞቆ፣ ወደ ጎን ተጉዞ የወጣ ነው። እንፋሎቱ ሽቅብ የሚወጣበት ዋናው ቦታ ላይኛው የተራራው ክፍል ነው። ሁለቱ የመጀመሪያ ጉድጓዶች በደቡብና በምዕራብ ከተራራው እምብርት ውጪ ነበር የተቆፈሩት፤ ስለዚህ ቀዘቀዙ። ከሌሎቹ በአንዳንዶቹ ደግሞ የሚገርም ነገር ታየ፤ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄድና ከተወሰነ ጥልቀት በኋላ መልሶ ይቀንሳል። ይህ የሚሆነው ጉድጓዱ ወደ ጎን የሚፈስስ ሞቃት ውሃን ሰንጥቆ ወደ ቀዝቃዛው አለት ሲያልፍ ነው። እንዲህ ያለ ልኬት ያየ ባለሙያ ምንጩ ከእግሩ ሥር እንዳልሆነና ወዲያ ማዶ መፈለግ እንዳለበት ይረዳል።

ውሃው ራሱ ብዙ ይናገራል። በኬሚስትሪ ሳይቆፈር የታችኛውን ሙቀት መገመት ይቻላል። እንዲህ ነው፦ ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን በሞቃት ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ብዙ ይሟሟል። በ100 ዲግሪ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን፣ በ250 ዲግሪ ከ400 ሚሊ ግራም ያልፋል። ውሃው ፈጥኖ ወደ ላይ ከወጣ የተሸከመውን ለማራገፍ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ምንጩ ላይ ጠርሙስ ሞልታችሁ ብትለኩ፣ ውሃው ታች በነበረበት ጊዜ ስንት ዲግሪ እንደነበረ ይነግራችኋል። የሶዲየምና የፖታሲየም ምጣኔም ሌላ ምስክር ይሰጣል። ሁለቱ ምስክሮች ከተስማሙ ደስ ይላል። ካልተስማሙ ውሃው መንገድ ላይ ከቀዝቃዛ የጉድጓድ ውሃ ጋር ተቀላቅሏል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሌላ ናሙና ነው።

ውሃ ሳይኖር እንፋሎት ብቻ በሚወጣበት ቦታ ሥራው ይከብዳል። ባለሙያው በእንፋሎቱ አፍ ላይ ማንቆርቆሪያ ደፍቶ ዙሪያውን በጭቃ ይደፍናል፤ አየር ከገባ ናሙናው ተበላሸ። ከዚያ በቱቦ አድርጎ፣ አየሩ አስቀድሞ ተመጥጦ ወደወጣለትና ኮስቲክ ሶዳ ወዳለበት የመስታወት ጠርሙስ ያስገባዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱና እንደ ገማ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በሶዳው ውስጥ ይቀራሉ፤ እንደ ሃይድሮጅንና ሚቴን ያሉት ከላይ ይጠራቀማሉ። ጠርሙሱ እጅ ያቃጥላል፣ እንፋሎቱ ዓይን ያስለቅሳል፤ ሰውየው ግን ቧንቧዋን ቀስ እያለ ከፍቶ እስኪሞላ ይጠብቃል። ቤተ ሙከራ ሲደርስ የጋዞቹ ምጣኔ የታችኛውን ሙቀት ያሳያል።

ውሃው ከየት እንደመጣም ይታወቃል። የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ከባድ አተሞች መጠን በሐይቅ ውሃና በዝናብ ውሃ ይለያያል፤ ሐይቅ ሲተን ከባዱ ይቀራልና። በዚህ መንገድ ሲመረመር ከአሉቶ ጥልቅ ጉድጓዶች የወጣው ውሃ በአመዛኙ የሐይቅ ውሃ አይደለም፤ በምሥራቅ በኩል ባለው ደጋ ላይ ዘንቦ ወደ መሬት የሰረገ ነው። የአርሲ ደጋ ዝናብ ከተራራ ሥር ሞቆ በአሉቶ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ መሬቱ ሳይከፈት ውስጡ ይታያል። ብዙ ዘዴ አለ፤ የስበት ልኬት አለ፣ ጥቃቅን የመሬት መንቀጥቀጦችን ማዳመጥ አለ። እኔ ግን አንዱን ብቻ በደንብ ላሳያችሁ፤ ሳይንቲስቶቹ ማግኔቶቴሉሪክ ይሉታል። በስምጥ ሸለቆ የምትኖሩ አድማጮች ምናልባት አይታችሁት ይሆናል። ጥቂት ሰዎች በፒክአፕ ይመጣሉ፣ ሜዳ ላይ በመስቀል ቅርጽ አራት ትናንሽ ጉድጓዶች ይቆፍራሉ፣ በጭቃ ውስጥ እንስራ መሳይ ነገር ይቀብራሉ፣ ረጃጅም ገመድ ይዘረጋሉ። ሦስት ረጃጅም ቱቦዎችም ይቀበራሉ፤ ሁለቱ ተጋድመው አንዱ ቆሞ። ከዚያ ትንሽ ሳጥን መሐል ላይ አስቀምጠው ሌሊቱን ትተውት ይሄዳሉ። ሰው ወርቅ ቀበሩ ይላል። ፍየል ደግሞ ገመዱን ይበላል።

ሳጥኑ ሌሊቱን ሙሉ የሚቀዳው የተፈጥሮን ሞገድ ነው። በዓለም ዙሪያ የሚወርደው መብረቅና ከፀሐይ የሚመጣው ነፋስ በመሬት ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት ያስነሣሉ። ጅረቱ በአንዱ አለት በቀላሉ ያልፋል፣ በሌላው ይቸገራል። ይህን በመለካት እስከ ብዙ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ድረስ የአለቱን ጠባይ መሳል ይቻላል።

የሚፈለገው ሥዕል ምን ዓይነት ነው? ቅድም ክዳን ያልኩትን አስታውሱ። ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ በታች በሆነበት የላይኛው ክፍል አለቱ በጊዜ ብዛት ወደ ሸክላ ይለወጣል። ይህ ሸክላ ውሃ አያሳልፍም፣ ኤሌክትሪክ ግን በደንብ ያሳልፋል። ከዚያ በታች ሙቀቱ ሲያይል ሌሎች ማዕድናት ይተኩታል፤ እነሱ ኤሌክትሪክ ያን ያህል አያሳልፉም። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ከላይ ጉልላት የመሰለ በቀላሉ የሚያሳልፍ ሽፋን፣ ከሥሩ ደግሞ የማያሳልፍ እምብርት ከታየ፣ ባለሙያው ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ይስባል።

ስክሪን ግን ይዋሻል። በስምጥ ሸለቆ የድሮ ሐይቅ ያስቀመጠው ደለልም ሸክላ ነው፤ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ሙቀት ግን የለውም። ጨዋማ ውሃም ያሳስታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ምድጃው ጠፍቶ ሸክላው የቀረበት ተራራ ነው፤ ከሺህ ዓመታት በፊት የሞቀ፣ ዛሬ የበረደ። ማዕድን ትናንት የነበረውን እንጂ ዛሬ ያለውን አይናገርም። አንድ ዘዴ ብቻ አምኖ መቆፈር አይገባም የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ጂኦሎጂው፣ ኬሚስትሪውና የኤሌክትሪኩ ልኬት በአንድ ነጥብ ላይ ሲገናኙ ብቻ ነው ማሽን የሚጠራው።

አሉቶ ላይ ነጥቡ የአርቱ ጃዌ ስንጥቅ ሆነ። ይህ ስንጥቅ ከሰሜን ወደ ደቡብ አቅጣጫ ተራራውን አቋርጦ ያልፋል። ከጊዜ በኋላ ተመራማሪዎች በትንሽ ሳህን መሳይ መሣሪያ ከአፈር የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቦታ በቦታ ሲለኩ፣ ጋዙ በዚሁ ስንጥቅ መስመር ላይ በርትቶ ተገኘ፤ ከመላው አሉቶ በቀን የሚወጣው ከ250 እስከ 500 ቶን ተገምቷል። ሳተላይትም የራሱን አክሏል። በ2004 እና በ2008 ተራራው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በመካከሉና ከዚያም በኋላ ቀስ እያለ መልሶ ዝቅ ማለቱን ከሕዋ የተነሡ የራዳር ምስሎች አሳይተዋል። ላይ የሚኖረው ገበሬ አላወቀውም፤ ከሥሩ ግን ቅልጥ አለትና ፈሳሽ እየተንቀሳቀሰ ነበር።

አሁን ማሽኑ መጣ እንበል። መሰርሰሪያው እየዞረ ይወርዳል፤ የተፈጨውን ድንጋይ ጭቃና ውሃ እያጠበ ወደ ላይ ያወጣዋል። በየጥቂት ሜትሩ ከወንፊቱ አንድ እፍኝ ይወሰዳል፣ ታጥቦ በማጉያ መነጽር ይታያል። ጂኦሎጂስቷ ሌሊት በፋኖስ ብርሃን የምትፈልገው ኤፒዶት የሚባል፣ አረንጓዴነቱ ወደ ቢጫ የሚያደላ ማዕድን ነው። እሱ በብዛት መታየት ሲጀምር ሙቀቱ 240 ዲግሪ ገደማ ደርሷል፣ ወይም አንድ ጊዜ ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ሌላው ምልክት ቆፋሪውንና ጂኦሎጂስቷን ያጣላል። አንዳንዴ ወደ ታች የተላከው ጭቃ አይመለስም፤ የሆነ ስንጥቅ ውጦት ይቀራል። ቆፋሪው ይናደዳል፤ መሰርሰሪያው ሊያዝበት ይችላልና። ጂኦሎጂስቷ ግን ፈገግ ትላለች፤ ጭቃ ማስገባት የቻለ ስንጥቅ እንፋሎትም ያወጣል። ቁፋሮው ሲያልቅም ወዲያው አይከፈትም። የገባው ቀዝቃዛ ውሃ ጉድጓዱን አብርዶታል፤ ለሳምንታት ተዘግቶ መሞቅ አለበት። ከዚያ ቫልቩ ሲከፈት የሚወጣው ድምፅ የአውሮፕላን ሞተር ያህል ነው፤ በአጠገቡ ጆሮ ሳይሸፍኑ መቆም አይቻልም። አልፎ አልፎ ደግሞ ያልታሰበ ነገር ይገጥማል። አይስላንድ ውስጥ ክራፍላ በሚባል ቦታ በ2009 ሲቆፈር መሰርሰሪያው በ2,100 ሜትር ጥልቀት ከራሱ ከቅልጥ አለቱ ጋር ተገናኘ።

በአሉቶ ከተገኘው እንፋሎት በ1998 የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የከርሰ ምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ ማመንጫ ተተከለ፤ አቅሙ 7.3 ሜጋዋት ነበር። ለማነጻጸር፣ የመጀመሪያው ፍለጋ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የተጀመረው በ1969 ነው። ወደ 30 ዓመት መሆኑ ነው። ማመንጫውም ብዙ ሳይቆይ በብልሽት ቆመ፤ በ2007 በከፊል ተጠግኖ ሠራ፣ እንደገና ተቸገረ። ኋላ በጃፓንና በዓለም ባንክ ድጋፍ ሁለት ተጨማሪ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ እነዚህ ግን ቀጥ ብለው አልወረዱም፤ ስንጥቁን ለመምታት ሆን ተብሎ ዘንበል ተደርገው ነው። ይህ ከመጀመሪያዎቹ ስምንት ጉድጓዶች የተወሰደ ትምህርት ነው።

ስለ ሀብታችን ሲነገር ቀድሞ 5,000 ሜጋዋት ይባል ነበር፤ ኋላ 10,000 የሚለው በዛ። ቁጥሩ ስሕተት ነው አልልም፤ ነገር ግን ይህ በወረቀት ላይ የተሠራ ግምት ነው። ኬንያ ቁጥር ስትደጋግም አልቆየችም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኦልካሪያ ላይ ሁለት ጉድጓዶች ቆፍራ ሳይሆንላት ቀረ። በ1970ዎቹ ወደዚያው ተመለሰች፤ ቦታውን እንደገና አጠናች፣ አንድ ቦታ ላይ ተተክላ ጉድጓድ በጉድጓድ ላይ ጨመረች። በ1981 የመጀመሪያውን 15 ሜጋዋት አበራች። ዛሬ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ግማሽ የሚጠጋው ከከርሰ ምድር እንፋሎት ነው። የኛው ከዘጠና በመቶ በላይ ከወንዝ ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለአድማጮቼ መንገር አያስፈልገኝም።

ችግሩ ገንዘብ ነው፤ በተለይ የመጀመሪያው ገንዘብ። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይበላል። የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ2013 ባወጣው ዓለም አቀፍ ጥናት መሠረት በፍለጋ ደረጃ ከሚቆፈሩ አሥር ጉድጓዶች ስድስት ያህሉ ብቻ ይሳካሉ። ባንክ በእንዲህ ያለ ዕድል አያበድርም። የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ከጀርመኑ የልማት ባንክ ጋር ሆኖ በ2012 የፍለጋውን ኪሳራ የሚጋራ ፈንድ ያቋቋመው ለዚህ ነው። በኢትዮጵያም በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 981 የግል ኩባንያዎች ፈቃድ የሚያገኙበትን መንገድ ከፍቷል፤ ቱሉ ሞዬ ላይ ቁፋሮ የተጀመረውም በ2020 ነው።

በዚህ ጉዳይ የራሴን ልናገር። የኬሚስትሪ ናሙናና የሌሊቱ ሳጥን ዋጋ ከአንድ ጉድጓድ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሆኖም ሥራው አይታይም፤ ሪባን አይቆረጥበትም፣ ካሜራ አይመጣለትም። ሹም ሆነ ኩባንያ የመቆፈሪያው ማማ ተተክሎ ለማየት ይቸኩላል። ያልተጠና ቦታ ላይ የተተከለ ማማ ደግሞ አምሮ የሚታይ ኪሳራ ነው።

ሌላ የማይዘነጋ ነገር አለ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሰውን ጥርስ እንደሚያበላሽ እናውቃለን። ከጥልቅ የሚወጣው ፍል ውሃ ፍሎራይድና ሌሎች ጎጂ ማዕድናት አብዝቶ ይይዛል። ስለዚህ እንፋሎቱ ከተወሰደለት በኋላ ውሃው በሌላ ጉድጓድ ወደ መጣበት ጥልቀት መመለስ አለበት፤ ሜዳ ላይ ወይም ሐይቅ ውስጥ መለቀቅ የለበትም። ይህን መጠየቅ የአካባቢው ነዋሪ መብት ነው።

ለመሰናበት በእሳተ ገሞራ ተራሮች አካባቢ ለምትኖሩ አድማጮቻችን ጥቂት ቃል አለኝ። እንፋሎት በሚወጣበት አካባቢ፣ በተለይ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ልጆችና ከብት እንዳይተኙ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፣ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ተኝቶ ያፍናል። በማሳችሁ ላይ ገመድ ተዘርግቶ ብታገኙ አትንቀሉት፤ ወርቅ የለበትም፣ የባለሙያዎቹን ፈቃድና ዓላማ ግን ጠይቁ። ትናንት ያልነበረ እንፋሎት ከወጣ፣ ምንጩ በድንገት ከሞቀ ወይም ከደረቀ፣ ለምለም የነበረ ዛፍ ያለ ምክንያት ከሥሩ ከጠወለገ፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ ለወረዳው የውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት አስታውቁ።